የናቁት ፍሳሽ፤ ከእድፍ ውኃ ስለሚገኘው እሳት፣ ውኃና የመሬት ምግብ

«የናቁት ያደርጋል ራቁት» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ቃል ከየቤታችን ታጥቦ ለሚወጣው ውኃ የተነገረ ይመስላል። ከወጥ ቤት፣ ከመታጠቢያና ከሽንት ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ከዓይናችንና ከአፍንጫችን እንዲርቅ ሁላችንም እንመኛለን፤ ከራቀ በኋላ ግን ወዴት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከእኛ የራቀው ፍሳሽ አይጠፋም። ወይ በአትክልት ቅጠል ላይ ተቀምጦ በሽታን ይዞ ወደ ገበታችን ይመለሳል፤ ወይ በሥርዓት ተጣርቶ እሳት፣ ውኃና ማዳበሪያ ሆኖ ይመለሳል። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው የሰው ትጋት ነው።

ፍሳሽ ምንድን ነው?

ከአንድ ሺህ ሊትር የከተማ ፍሳሽ ውስጥ 999 ሊትር ያህሉ ውኃ ብቻ ነው። የቀረው ጥቂት ነገር የምግብ ትራፊ፣ ሰገራ፣ ሽንት፣ ቅባት፣ ሳሙናና ጨው ሲሆን፣ በውስጡ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። እነዚህም ሊነድ የሚችል ኀይል፣ ለአዝርዕት ምግብ የሚሆኑ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ፣ እንዲሁም በሽታን የሚያመጡ ረቂቃን ተሐዋስያንና የትላትል እንቁላል ናቸው። የማጣራት ጥበብ ማለት ሁለቱን አትርፎ ሦስተኛውን ማጥፋት ነው።

ሀብቱ ከጥንት ጀምሮ በዚያው ነበረ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1669 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሐምቡርግ ሰው ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ብዙ ሽንት አፍልቶ አደረቀ። ወርቅ አላገኘም፤ በጨለማ የሚያበራ እንግዳ ነገር ግን አገኘ። ይህም ፎስፎረስ ነው፤ ያለ እርሱ ስንዴም ጤፍም ሊበቅል አይችልም።

ያልተጣራ ፍሳሽ የሚያደርሰው ጉዳት

በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት የአንጀት ተስቦ እጅግ በዝቶ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውኃ እየጠጣ ሳለ በሽታው ስለ ምን በዛ? ምክንያቱ በከተማው ዙሪያ ሰላጣና ሌላውም በጥሬው የሚበላ አትክልት ባልተጣራ ፍሳሽ ይጠጣ ስለ ነበረ ነው። በ1991 ዓ.ም. ኮሌራ ወደ አገሪቱ በገባ ጊዜ መንግሥት ይህን ልማድ በጥብቅ ከለከለ፤ ወዲያውም የአንጀት ተስቦው በእጅጉ ቀነሰ። በ1970 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የተነሣው ኮሌራም የተዛመተው በዚሁ ዓይነት አትክልት ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዝ ዳርቻዎች በተበከለ ውኃ አትክልት እንደሚለማ የታወቀ ነው። እኛም በአንድ ከተማ ዳር ስናልፍ አንዲት ነጋዴ ሰላጣዋን በደፈረሰ ወንዝ ስታጥብ አገኘናት። ስለ ምን እንዲህ እንደምታደርግ ብንጠይቃት «አቧራው ይልቀቅለት ብዬ ነው፣ ጌታዬ» አለችን። አሳቧ ንጽሕና ነበረ፤ ውኃው ግን ከአቧራው የከፋውን ቀባላት። ጥፋቱም የእርሷ ብቻ አይደለም፤ ያን ውኃ ያሳደፍነው ከወንዙ በላይ የምንኖር ሁላችን ነን።

ፍሳሽ እንዴት ይጣራል?

አንደኛ፤ ፍሳሹ በወንፊት አልፎ ጨርቅና ላስቲክ ይለቀምለታል፤ ቀጥሎ በገንዳ ረግቶ ከባዱ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርዳል።

ሁለተኛ፤ አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ጠቃሚዎቹ ተሐዋስያን የሟሟውን እድፍ ይበሉታል። ይህ ዘዴ በ1914 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንችስተር የተገለጠ ነው። ፀሐይ በበዛበት አገር ሰፋፊ ኩሬዎችም ይህንኑ ሥራ ያለ ሞተር ይሠራሉ።

ሦስተኛ፤ ዝቃጩ አየር በማይገባው ጋን ውስጥ፣ በ35 ዲግሪ ያህል ሙቀት፣ ሃያ ቀን ያህል ይብላላል። ጠላ በጋን ሲፈላ አረፋ እንደሚያወጣ፣ ይህም ጋዝ ያወጣል፤ ከጋዙም ከግማሽ የሚበልጠው የሚነድ ሚቴን ነው።

አራተኛ፤ ውኃው እንደሚውልበት ሥራ በፀሐይ፣ በክሎሪን ወይም በሌላ መንገድ ተሐዋስያኑ ይገደሉለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ለመስኖ በሚውል ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ የበለጠ የትላትል እንቁላል እንዳይገኝ መክሯል።

ከማጣራት የሚገኝ ጥቅም

ስለ እሳቱ፤ በኦስትሪያ የሚገኘው የሽትራስ ማጣሪያ ከዝቃጩ በሚያገኘው ጋዝ ኤሌክትሪክ እያመነጨ፣ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ራሱን ለመቻል በቅቷል።

ስለ ውኃው፤ ምድረ በዳ የከበባት የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሳሽዋን አጣርታ ለሕዝቧ ታጠጣለች። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ማጣሪያዋ በቀን 21,000 ሜትር ኩብ ውኃ ለማውጣት ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቧ ግን የፋብሪካውን ፍሳሽ ከቤቱ ፍሳሽ መለየቷ ነው፤ መርዝ አስቀድሞ ካልገባ ማጣራቱ ይቀላልና።

ስለ ማዳበሪያው፤ ከሰው ሰውነት ከሚወጣው ናይትሮጂን አብዛኛው፣ ከፎስፎረሱም ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በሽንት ውስጥ ነው። ገበሬው በገንዘብ የሚገዛውን ከተማው በየቀኑ ወደ ወንዝ ይደፋዋል ማለት ነው።

በአገራችን ደግሞ የኩበት ነገር አለ። ኩበት ሲነድ እርሻው ፍጉን ያጣል፤ እናቶችም በጢሱ ዓይናቸውና ሳንባቸው ይጎዳል። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የአገር አቀፍ የባዮጋዝ ፕሮግራም የቆመው ይህን ለማረም ነው። እበቱ፣ ሽንት ቤትም ከተያያዘ የሰው ሰገራ፣ በጉድጓዱ ተብላልቶ ጢስ የሌለው እሳት ይሰጣል፤ የቀረው ውጋጅ ለመሬት ይሆናል። ነገር ግን ለብ ባለ ሙቀት መብላላት ብቻውን የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። ሰገራ የገባበት ውጋጅ ከደረቅ ሣርና ከገለባ ጋር ተከምሮ፣ የክምሩ ሙቀት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ወደ አትክልት ሊቀርብ አይገባውም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የቤት ባለቤቶች ሆይ፤ ያረጀ ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይና መድኃኒት ወደ ፍሳሽ አትጣሉ፤ ጠቃሚዎቹን ተሐዋስያን ይገድላሉና። የሞላ ጉድጓድ ሲመጠጥ መኪናው ወዴት እንደሚደፋው ጠይቁ፤ በሌሊት ወደ ቦይ መልቀቅ በጎረቤት ላይ በሽታን መዝራት ነው። ያደገበትን ውኃ የማታውቁትን አትክልት አብስሉት። ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባውን ብረት ግን ማብሰልም አያጠፋውም፤ ስለዚህ ምንጩን መመርመር ይሻላል።

መምህራን ሆይ፤ ሁለት ብርጭቆ ጥሩ ውኃ በተማሪዎች ፊት አቅርቡ፤ በአንደኛው ውስጥ ጨው አሟሙታችሁ ጨው ያለበት የትኛው እንደሆነ በዓይናቸው እንዲለዩ ጠይቋቸው። አይችሉም። ጨው በዓይን ካልታየ ተሐዋስያን እንዴት ይታያሉ? ኩልል ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ እንዳይደለ በዚህ ይረዳሉ። ከዚያም የትምህርት ቤታቸው ፍሳሽ ከግቢው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ተከትለው ያዩ ዘንድ ምሯቸው። የፍሳሹን መንገድ በዓይኑ ያየ ልጅ፣ አድጎ ከተማውን በሚያስተዳድርበት ጊዜ ፍሳሹን አይንቅም።