ጥቂት ዝቅ ስላለችው ትንሽ መኪና

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በሸህዲ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ፥ ከዚያም ድልድዩን ተሻግሮ በጋላባትና በዶካ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የተጓዘ ሰው እንደሚያውቀው፥ በዚያ አገር የሚፈተነው የመኪና ሞተር ብቻ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ገዳሪፍ ግን ከ600 ሜትር ብዙም አትርቅም። መንገዱ ቁልቁለቱን ጨርሶ ከቆላው ሜዳ ሲደርስ ዋልካው ይጀምራል። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ፥ በበጋም ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ለሰሊጥና ለማሽላ የሰጠው በረከት የገዳሪፍን ስም በሱዳን ሁሉ አስጠርቶታል፤ ለመንገድ ሥራ ግን ክፉ ጠላት ነው። በላዩ አስፋልት ቢነጠፍበት እንኳ አፈሩ ባበጠና በሟሸሸ ቁጥር መንገዱ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል፥ ዳርና ዳሩም ይሰነጠቃል።

በዚህ መንገድ ላይ እኛ በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር በአንዲት ትንሽ ቶዮታ ቪትስ ተጓዝን። መኪናዋን የገዛናት ከአንድ ወጣት ነበር፤ እርሱም ለመልክዋ ብሎ የሞላዎቿን ጫፍ አስቆርጦ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጓት ነበር። በከተማ ውስጥ ብቻችንን ስንነዳት ምንም አልከፋንም። እንዲያውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ መልክዋ ደስ ይለን ነበር። በዚያን ቀን ግን ባለቤታችን፥ አማታችን፥ አንዲት የእኅታችን ልጅና ሕፃኑ ልጃችን ተሳፍረው ነበር፤ ከኋላም በገዳሪፍ ለምትኖረው አክስታችን የተላከ በርበሬና ሽሮ ነበረ። ከጋላባት ጀምሮ የመኪናዋ ሆድ ሲፈጋ ይሰማ ነበር። አማታችን ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው «ልጄ፥ ይህችን መኪና ከመሬት ጋር ምን አጣላት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ዶካ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አስፋልቱ ተቆርሶ ከተነጠለበት ቦታ ወረድን፤ አንድ ድንጋይ የሞተሩን ዘይት ማጠራቀሚያ ነደለው፥ ቀዩ የዘይት መብራትም በራ። ሞተሩን ወዲያው ስላጠፋን ሞተሩ ተረፈ። ነገር ግን ከማሽላ እርሻ የሚመለስ ትራክተር አግኝቶ ወደ ዶካ እስኪጎትተን ድረስ ከሕፃንና ከአሮጊት ጋር አራት ሰዓት በፀሐይ ተቀመጥን።

በገዳሪፍ መኪናዋን ያየልን ሰው በሱዳን ዐረብኛ «ኡስጣ» የሚባል ባለ ሙያ መካኒክ ነበር። ምን ያህል ዝቅ እንዳለች አልጠየቀንም። የመጀመሪያው ጥያቄው «በዚህች ውስጥ ስንት ሰው ነው የምትጭኑት?» የሚል ነበር። እኛም ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀን ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ እናስቀድማለን።

ነገሩን ለመረዳት ሁለቱን ዕቃዎች መለየት ያስፈልጋል። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ነው፤ ይኸውም እንደ ቀለበት የተጠመጠመው የብረት ዘንግ ነው። በጭነት መኪና ላይ ተደራርቦ የሚታየው ዝርግ ብረት ደግሞ ባሌስትራ ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ በትግርኛችንም እንዲሁ ይነገራሉ፤ ባሌስትራ በመሠረቱ የጥንት ጦረኞች የቀስት መሣሪያ ስም ነው። ሁለተኛው ዕቃ ሾክ አብዞርበር ነው። ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ሞላው እየደጋገመ እንዳይነጥር ማብረድ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የንጥረቱ ኀይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ገዳሪፎች ይህን ዕቃ «ሙሳዒድ» ይሉታል፥ ረዳት ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ስሞች ሁሉ ይህ ሥራውን ይበልጥ የሚገልጽ ይመስለናል።

እንግዲህ በምሳሌ እንቁጠረው። አንዲት ትንሽ መኪና ባዶዋን ሳለች ከሆዷ እስከ መሬት 15 ሳንቲ ሜትር፥ ሞላዋም ወደ ታች ለመጨመቅ 9 ሳንቲ ሜትር ቦታ አላቸው እንበል። 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስትደረግ 11 እና 5 ይቀራል። አምስት ሰው ከነጓዙ 400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ መኪናዋ ራስዋ 1,000 ኪሎ ግራም ገደማ ናት። ይህ ጭነት የኋላውን ሞላ ሌላ 4 ሳንቲ ሜትር ቢያወርደው፥ ለጉድጓዱ የሚተርፈው አንዲት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሞላው ከማቆሚያው ጎማ ጋር ይጋጫል፥ ድንጋጤውም በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ወገብ ይሄዳል። አማታችንን ያሳመማቸው ይህ ነው።

ሞላን መቁረጥ ማሳጠር ብቻ አይደለም። ከስድስት ሠሪ ቀለበቶች አንዱ ቢቆረጥ የቀረው በአምስት እጅ አንድ ያህል ይጠነክራል፤ አሮጌው ሾክ አብዞርበር ግን የተሠራው ለፊተኛው ሞላ ስለ ሆነ ንጥረቱን ሊያበርደው አይችልም። ሞላውን በእሳት አግሎ ማስቀመጥ ከዚህም የከፋ ነው፥ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋልና። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ዝቅ ማድረግ ግን በራሱ ጥፋት አይደለም። የመኪና ክብደት ወደ መሬት ሲቀርብ በመታጠፊያ ላይ ማዘንበሏ ይቀንሳል። ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር በደኅና አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው፥ ለዚሁ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ አጭር ሞላ ከራሱ አጭር ሾክ አብዞርበር ጋር አድርጎ ቢገጥም አንነቅፈውም። ከፍታው በጥርስ እየተጠመዘዘ የሚስተካከለው ውድ ዓይነትም ለአዲስ አበባ አስፋልት መልካም ይሆናል፤ በዋልካ ጭቃና በአቧራ ግን ጥርሱ ይነክስና አልላቀቅ ይላል። በሞላው ቀለበቶች መካከል የሚወተፈውን ጎማ በሚመለከት፥ ለአንድ ጉዞ ያገለግል ይሆናል እንጂ ቀለበቶቹን እንዳይሠሩ ስለሚያግድ ለዘወትር አንመክረውም።

ኡስጣው ለእኛ የመረጠልን እንዲህ ነበር። ከፊት በፋብሪካው ልክ የሆነ አዲስ ሞላ፤ ከኋላ ቁመቱ ያው ሆኖ ጥቂት ጠንከር ያለ፥ ለጭነት የተሠራ ሞላ። ሾክ አብዞርበሮቹን አራቱንም ለወጠ፤ የመረጠውም ጋዝ ያለበትን ዓይነት ነው። በሚያዝያ የገዳሪፍ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስና መንገዱ ያለ ዕረፍት ሲያንገጫግጭ ተራው ሾክ አብዞርበር ዘይቱ አረፋ ይሆንና ሥራውን ያቆማል፤ ጋዙ ይህን ይከላከላል። የማቆሚያ ጎማዎቹም አልቀው ስለ ነበር ተለወጡ። ትልልቅ ጎማ እንዲገጥምልን ብንጠይቀው፥ ስንታጠፍ ፓራፋንጎውን እንደሚነካ አሳይቶን እንቢ አለ። ሞላውን ሲፈታ በሁለት መጭመቂያ ብረት አስሮ ነበር፤ ተጨምቆ ያለ ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይገድላልና ይህ መሣሪያ በሌለበት ማንም አይንካው። በመጨረሻም የጎማዎቹን አቋቋም በመሣሪያ አስተካከለ፥ ከፍታ በተለወጠ ቁጥር እርሱም ስለሚለወጥ። ባናስተካክለው ኖሮ ጎማዎቹ በአንድ በኩል ብቻ ባለቁ ነበር።

የእናንተን መኪና ለመመርመር መካኒክ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንዱን ማዕዘን በኀይል ተጭናችሁ ልቀቁ፤ አንድ ጊዜ ተነሥታ ከረጋች ደኅና ነው፥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከነጠረች ግን ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል። ዘይት ካረጠበውም እንዲሁ ነው። ቀጥሎ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ፥ መጀመሪያ በባዶ፥ ኋላም ቤተ ሰቡን በሙሉ አሳፍራችሁ። ልጆች ይህን ልኬት በጣም ይወዱታል። የእኛዋ በተቆረጠው ሞላ በባዶ 32 ሳንቲ ሜትር ነበረች፤ አሁን በባዶ 36፥ ተጭና ደግሞ 33 ናት።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ ከካርቱም የሸሹ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ገዳሪፍ፥ ከእነርሱም ብዙዎች በጋላባት በኩል ወደ መተማ መጡ። ከካርቱም እስከ ገዳሪፍ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍራሽና ድስት በጣራቸው ላይ ጭነው፥ ከኋላ እስከ መሬት ተንበርክከው የሚሄዱትን ትንንሽ መኪኖች ስናስብ፥ ያን ሁሉ መንገድ በተቆረጠ ሞላ መጓዝ ምን ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን።

እኛ በዚያው በ2009 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ አክስታችን ዘንድ እንደገና ስንሄድ አማታችን ከፊት ወንበር ተቀመጡ። በዶካ አጠገብ ያንኑ የተቆረሰ አስፋልት ስናልፍ ተኝተው ነበርና አልቀሰቀስናቸውም።