የሐይቅ ዳር ገዳማትን ከውኃና ከምድር መንቀጥቀጥ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቤቱን በዓለት ላይ ስለመሠረተው ልባም ሰው ጌታችን አስተምሮናል (ማቴ. 7፡24-25)። ትምህርቱ ስለ ሃይማኖት ቢሆንም፣ የሕንፃ ቤተ ክርስቲያንን መሠረት እንድናስብም ያነቃናል።

በአሶሳና በአካባቢዋ የምንኖር ምእመናን ከጣና ብንርቅም ዓባይ ያገናኘናል፤ ከሐይቁ ወጥቶ በክልላችን በጉባ በኩል ያልፋልና። በደቅ ደሴት ያለውን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን የናርጋ ሥላሴ ገዳም እናስብ።

የጣና ውኃ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል። ማዕበል የዳርቻውን አፈር ይሸረሽራል፤ እርጥበትም ከመሠረት ወደ ግድግዳ እየወጣ የድንጋዩን ማያያዣ ያላላል። የምድር መንቀጥቀጥ ይበልጥ የሚያሰጋው ስምጥ ሸለቆን ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የደረሰው እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ጣና ከዚያ ቢርቅም፣ ውኃ ያረሰው ልል አፈር ንዝረትን ከዓለት ይልቅ ያጎላል፤ አስቀድሞ የተዳከመ ግድግዳም በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ለገዳማት እድሳት ስናዋጣ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል በትሕትና እንጠይቅ። ከቀለም በፊት የጣሪያውን ውኃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይ ይቅደም። ጥንታዊ የኖራ ግንብ በሲሚንቶ አይለሰን፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን በውስጡ ያስቀረዋልና። የዳርቻው ደንገልና የገዳሙ ደን አይመንጠሩ፤ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፤ ደንገሉም የማዕበሉን ኃይል ያበርዳል። ስንጥቅ ሲታይም የቅርስ ጥገና ባለሙያ ይጠራ። በቅን ልብ የተደረገ፣ ነገር ግን ዕውቀት የጎደለው እድሳት አባቶች ያቆዩልንን ቅርስ ያሳጣናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።