አዳሪ ትምህርት ቤትና የአርብቶ አደር ልጆች

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ጽሑፉን ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ ምልክት አድርጉበትና አስተማሪያችሁን ጠይቁ።

ከተማችን ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ሲደርስ፣ በ1895 ዓ.ም. ነው። የሱማሌ፣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ወደዚህ ይመጣሉ። ፍየልና ግመል ይሸጣሉ፤ ወተት ያመጣሉ። ስኳር፣ ሩዝና ጨርቅ ገዝተው ይመለሳሉ። ታዲያ የእነዚህ ሰዎች ልጆች የት ይማራሉ?

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ከተሠራበት ቦታ አይነቃነቅም። የአርብቶ አደር ሰፈር ግን ሣርና ውሃ ፍለጋ ይነሣል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በደረቅ አገር ከብት የሚተርፈው እንዲህ ሲሆን ነው። ልጁ መስከረም ላይ ይመዘገባል። በጋው ሲበረታ ሰፈሩ ይነሣል። ደብተሩም ይዘጋል።

ለዚህ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ይባላል። ትምህርቱ ወደ ሰፈሩ ይሄዳል፤ የ4 ዓመቱ ትምህርት በ3 ዓመት እንዲያልቅ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ዘዴ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚህ ልጁ ወደ ትምህርቱ ይሄዳል፤ እዚያው ይማራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከፍ ያለው ክፍል በአቅራቢያ ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ድሮ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን ያሳድር ነበር።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በሲቲ ዞን ድርቅ ገብቶ ብዙ ከብት አልቋል። ሀብቱ ሁሉ በከብት ላይ የሆነ ቤተሰብ በአንድ ዓመት ባዶ እጁን ይቀራል። ከልጆቹ አንዱ አስተማሪ ወይም የከብት ሐኪም ቢሆን ግን ቤቱ ሌላ ምሰሶ አለው። መንጋውም ጠባቂ አያጣም።

ጉዳቱስ? እሱንም እንናገር። በካናዳ አገር ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ የነባር ሕዝቦች ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደው ነበር፤ ብዙዎቹም በግዴታ። በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩት እዚያው ሞቱ። የካናዳ መንግሥት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ይቅርታ ጠይቋል። እንግዲህ ከቤተሰቡና ከቋንቋው የሚነጥል ትምህርት ቤት ልጅን አይጠቅምም፤ ይሰብረዋል እንጂ። ቋንቋን ማክበር በእኛ አገር የታወቀ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል።

ሌላም ነገር አለ። ልጅቱ ውሃ ትቀዳለች፣ ፍየል ትጠብቃለች። እሷ ስትሄድ ሥራዋን ማን ይሸፍናል? እናትየው «እጄን ቆረጣችሁት» ብትል እውነት አላት። ስለዚህ ቤተሰብ ተመካክሮ ሥራውን አስቀድሞ መከፋፈል አለበት። ወንድሞችም ፍየል መጠበቅ ይችላሉ እኮ! እናትየው ብቻዋን ከተሸከመች ልጅቱ ዓመቱ ሳያልቅ ትመለሳለች።

እንግዲህ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. የሴቶች ማደሪያ ለብቻው ነው? በር መዝጊያና ሴት ተቆጣጣሪ አለው?
2. ምግቡን የሚችለው ማን ነው? ዓመቱን ሙሉ ይበቃል?
3. የልጁን ቋንቋ የሚያውቅ አስተማሪ አለ?
4. ልጁ ሲታመም ማን ያሳክመዋል? ለእናንተስ ማን ይነግራችኋል?
5. ልጁ መቼ መቼ ወደ ቤት ይመጣል? እናንተስ በፈለጋችሁ ጊዜ ልትጠይቁት ትችላላችሁ?

ጥሩ ትምህርት ቤት እነዚህን ጥያቄዎች አይሸሽም። «እናንተ ምን አገባችሁ» የሚል ካለ ግን ልጃችሁን አትስጡት። መልሱ ደኅና ከሆነ ላኩ፤ ወንዱን ብቻ ሳይሆን ሴቷንም።

አሁን እናንተም ማንበብና መጻፍ ጀምራችኋል። ልጃችሁ ደብዳቤ ሲልክ ለሌላ ሰው ማስነበብ የለባችሁም። ራሳችሁ አንብቡት፤ መልሱንም በገዛ እጃችሁ ጻፉለት።