በቻይና አሮጌ መሐለቅ ላይ የተጻፈው ስም ምን ያህል ይታመናል?

በ2013 (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በኬንያ ጠረፍ አጠገብ ባለችው በማንዳ ደሴት በተደረገ ቍፋሮ፣ መካከሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ አንድ የቻይና መሐለቅ ተገኘ። በላዩም «ዮንግሌ ቶንግባኦ» የሚል ተጽፎበታል። ዮንግሌ ከ1403 እስከ 1424 የነበረው የሚንግ ንጉሠ ነገሥት የዘመን ስም ነው፤ ጄንግ ሄ የተባለውን የባሕር አዛዥ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የላከውም ይኸው ንጉሥ ስለ ሆነ፣ ወሬው በተሰማ ጊዜ መሐለቁ ወዲያው ከጄንግ ሄ ጕዞ ጋር ተያይዞ ተነገረ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ እንዲህ ያለው ትንሽ ገንዘብ ይህን ያህል ትልቅ ምስክርነት ለመስጠት ይችል እንደ ሆነ ነው።

ጽሑፉን ማንበብ እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ118 ዓመት ጀምሮ ከ700 ዓመት በላይ የተሠራበት መሐለቅ «ዉ ጁ» ይባል ነበር፤ ይህም «አምስት ጁ» ማለት ሲሆን የሚዛን ስም ነው። በ621 የታንግ መንግሥት «ካይዩዋን ቶንግባኦ» የተባለውን ካወጣ በኋላ ግን ባለ አራት ፊደሉ መሐለቅ መደበኛ ሆነ። ከዚያም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ፊደላት የንጉሡን ዘመን ያመለክታሉ፤ ሁለቱ ደግሞ «የሚዘዋወር ሀብት» እንደ ማለት ናቸው። የሚነበበውም ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ከሶንግ ዘመን መሐለቆች ግን ብዙዎቹ ዙሪያውን ተከትለው ይነበባሉ። ከ1180 ጀምሮ የደቡብ ሶንግ መሐለቅ በጀርባው የዓመቱን ቍጥር ጭምር ይዞ መውጣቱ ለመርማሪ ታላቅ ውለታ ነው።

ይሁን እንጂ ስሙ የሚያስረዳን መሐለቁ ከዚያ ዘመን እንደማይቀድም ብቻ ነው፤ መቼ እንደ ተጓዘ ወይም መቼ እንደ ጠፋ አይናገርም። በ1323 በኮሪያ አጠገብ የሰጠመው የሲናን መርከብ 28 ቶን ያህል የቻይና መሐለቅ ጭኖ ነበር፤ ከዚያም ብዙው የሶንግ ዘመን ሥራ ነው። ይኸውም ገንዘቡ ያወጣው መንግሥት ካለፈ በኋላ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር እንደ ነበረ ያሳያል። ከዚህ የባሰም አለ። «ዩዋንፌንግ ቶንግባኦ» በቻይና የተሠራው ከ1078 እስከ 1085 ሲሆን፣ ጃፓኖች በናጋሳኪ ከ1659 እስከ 1685 በዚሁ ስም ለውጭ ንግድ መሐለቅ አፍስሰዋል። ይህ ማታለል ሳይሆን ንግድ ነበር። የዮንግሌም መሐለቅ በጃፓን ይሠራበት ስለ ነበር በዚያው በብዛት ተመስሏል። እንግዲህ በማንዳ የተገኘው እውነተኛ የሚንግ ሥራ ቢሆን እንኳ፣ በኛ አስተያየት ወደ አፍሪካ ያመጣው ጄንግ ሄ ለመሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የዐረብ ወይም የሕንድ ነጋዴም ሊያመጣው ይችል ነበር።

ስለዚህ መርማሪው ከፊደሉ አልፎ ወደ አካሉ መመልከት አለበት። የቻይና መሐለቅ እንደ አውሮፓ ገንዘብ በማኅተም የሚመታ ሳይሆን፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ነው። ብዙ መሐለቆች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዘው ይወጡና ከተለያዩ በኋላ፣ በቀዳዳቸው በባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ተሰክተው ጠርዛቸው በሞረድ ይስተካከላል። አስመሳይ ሰው እውነተኛውን መሐለቅ ራሱን ቅርጽ ማውጫ ካደረገው፣ የፈሰሰው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተር ቅጂው በጥቂቱ ያንሳል፤ ፊደሉም ይደበዝዛል። ሚዛን ግን ይረዳል እንጂ አይፈርድም፤ የካይዩዋን ልክ 4 ግራም ያህል ቢሆንም ቀለል ያሉም እውነተኞች አሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያጠግበው የብረቱ ምርመራ ነው። የሶንግ መሐለቅ የመዳብ፣ የእርሳስና የቆርቆሮ ድብልቅ ሲሆን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሚንግ ዘመን ዚንክ ያለበት ናስ በነሐስ ቦታ ገባ። የሶንግን ስም ይዞ ዚንክ በብዛት የተገኘበት መሐለቅ እንግዲህ የኋላ ዘመን ሥራ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። የዝገቱም ሽፋን ይመሰክራል፤ በመሬት ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረው ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ በንብርብር ይገኛል፣ በአሲድ የተቀባው ግን በቀላሉ ይለቃል። አንዳንዱ ሰብሳቢ መሐለቁን በሎሚና በአመድ ፈትጎ ካበራ በኋላ ወደ ባለሙያ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ባለሙያው የሚመለከተው ሽፋን አይቀርለትም።