በኮምፒዩተር ከርነል ውስጥ የመሣሪያዎች አነሣሥ ቅደም ተከተል

ኮምፒዩተር ሲከፈት ክፍሎቹ ሁሉ በአንድነት ሥራ አይጀምሩም። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል የሆነው ከርነል እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያስነሣው ለመሣሪያው በተዘጋጀው ፕሮግራም፣ ማለትም በድራይቨሩ አማካይነት ነው። አንዱ መሣሪያ በሌላው ተደግፎ የሚሠራ እንደመሆኑ መጠን፣ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊኑክስ የተባለው ከርነል ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚፈታ ለኮምፒዩተር መምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አዘጋጆች ማስረዳት ነው።

1. የችግሩ ምንነት

የንክኪ ስክሪን ያለውን አነስተኛ ኮምፒዩተር እንመልከት። ስክሪኑ ኃይል የሚያገኘው ከቮልቴጅ ተቆጣጣሪ ቺፕ ሲሆን፣ ቺፑ ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበለው አይ-ቱ-ሲ በተባለው የመገናኛ መስመር በኩል ነው እንበል። እንግዲህ መስመሩ ከቺፑ፣ ቺፑም ከስክሪኑ መቅደም አለበት። የስክሪኑ ድራይቨር ቀድሞ ቢጠራ የኃይል ምንጩን ስለማያገኝ፣ ስክሪኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥራ ሳይጀምር ይቀራል።

2. በደረጃ መመደብና ጉድለቱ

ሊኑክስ የማስነሻ ጥሪዎችን ከ0 እስከ 7 በተቆጠሩ ደረጃዎች ይመድባል። መሠረታዊ አገልግሎቶች በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሲነሡ፣ አብዛኞቹ ድራይቨሮች በደረጃ 6 ይጠራሉ። በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉት ግን የሚጠሩት ከርነሉ ሲገነባ በተያያዙበት ተራ ነው። አንድ ከርነል በልዩ ልዩ ቦርዶች ላይ ስለሚሠራ፣ ለአንዱ ቦርድ የተስማማው ተራ ለሌላው ላይስማማ ይችላል። በድራይቨሩ ውስጥ የጥቂት ሰከንድ መቆያ ማስገባትም ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ ጊዜ ማለፉ የሚፈለገው ነገር መዘጋጀቱን አያረጋግጥምና።

3. ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሊኑክስ 3.4 እትም ሌላ ዘዴ ይዞ ቀረበ። ድራይቨሩ የሚያስፈልገው ነገር ገና አለመዘጋጀቱን ሲረዳ፣ «ለጊዜው ይተላለፍ» የሚል መልስ ለከርነሉ ይመልሳል። ከርነሉም መሣሪያውን በተጠባባቂዎች መዝገብ ያሰፍረዋል። ሌላ መሣሪያ ከድራይቨሩ ጋር በተሳካ ሁኔታ በተገናኘ ቁጥር፣ ተጠባባቂዎቹ እንደገና ይሞከራሉ። በዚህ ዘዴ የሚጠቀም ድራይቨር የሚሻውን ሁሉ በቅድሚያ መጠየቅ፣ ሲተላለፍም የያዘውን መልቀቅ ይኖርበታል። ይሁንና ሁለት መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁ ከሆነ፣ ሁለቱም በመዝገቡ ላይ እንደሰፈሩ ይቀራሉ።

4. ለክፍል ትምህርት

መምህሩ ከላይ የተጠቀሱትን ሦስት ክፍሎች በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ተማሪዎች ከፈላጊው ወደ ተፈላጊው ቀስት እንዲያሰምሩ ያድርግ። ቀጥሎም በሦስት የተለያዩ ተራዎች እየጠሩ ስንት ጊዜ መተላለፍ እንደሚያስፈልግ ይቁጠሩ። በመጨረሻም ከመስመሩ ወደ ስክሪኑ ቀስት ጨምሮ ምን እንደሚከተል ይጠይቃቸው። በዚህ መልመጃ ተማሪው አንድ ሥርዓት በአጋጣሚ መሥራቱ ትክክለኛነቱን እንደማያረጋግጥ ይገነዘባል። መሣሪያ አልሠራም ሲባልም ተበላሽቷል ብሎ ከመጣሉ በፊት፣ ምን እየጠበቀ እንደሆነ መጠየቅን ይለምዳል።