ዳር ዳሩን መንዳት ያድናልን?

ማንም ልጅ ብስክሌት ይዞ ከቤት ሲወጣ ከወላጆቹ የሚሰማው ምክር «ዳር ዳሩን ሂድ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚነዳ ተማሪ ይህን ቃል በቃል ቢፈጽመው፥ ከአደጋ የሚርቅ እየመሰለው ወደ አደጋው የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

እኔ ነገሩን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን ጧት ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስወርድ፥ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቆመ። እኔም ክፍተቱን አይቼ በቀኙ በኩል ሾልኬ ለማለፍ ገባሁ። የታክሲው በር ደግሞ የሚከፈተው በቀኝ ነው። ጎመን በዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ሲወርዱ ከፊት ጎማዬ ጋር ተገናኙ፤ ሁለታችንም ወደቅን፤ ጎመኑም በአስፋልቱ ላይ ተበተነ። እሳቸው የእጃቸውን አንጓ እንደ ያዙ «አንተስ ተጎዳህ ወይ፥ ልጄ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ረዳቱ ሰደበኝ፤ የሚገባኝ ስድብ ነበር። ወጌሻ ዘንድ አብረን ሄድን፤ ቢሆንም ብዙ ሳምንት እንጀራ መጋገር ሳይችሉ ቆዩ። ስለዚህ አደጋ ስንል የብስክሌት ነጂውን ብቻ ማሰብ አይገባም።

እንግዲህ የመንገዱ ጠርዝ ምን እንዳለበት እንመልከት። ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድም በአብዛኛው እዚያው ነው፤ በክረምት ውኃ ሲሸፍነው ጥልቀቱ አይታወቅም። የቆመ መኪና በር ሳይታሰብ ይከፈታል። ታክሲም ከግራ ቀድሞ መጥቶ ተሳፋሪ ለማንሣት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ ጠርዙን የሙጥኝ ብሎ የሚሄድ ሰው ለሾፌሩ «ቦታ አለ፤ እለፍ» ብሎ እንደ መጋበዝ ያለ ምልክት ይሰጣል። ሾፌሩም ግብዣውን ተቀብሎ በክንድ ርቀት ያልፋል። በዚያን ጊዜ ጉድጓድ ቢያጋጥም መሸሻ የለም።

ስለዚህ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል፥ ከቆሙ መኪናዎች ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ መንዳት ይሻላል። መንገዱ ጠባብ ሆኖ መኪና በደኅና ሊያልፍ የማይችል ከሆነ፥ እስኪሰፋ ድረስ የመስመሩን መካከል መያዝ ነው። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል፤ ይጩኽ። የሚጮኽ ሾፌር ቢያንስ አይቶናል። ይህ ግን መኪናው ቀስ ብሎ ለሚሄድበት የከተማ መንገድ የተነገረ ነው። በቀለበት መንገድ ላይ መካከሉን እይዛለሁ ማለት ድፍረት እንጂ ጥንቃቄ ስላልሆነ፥ ቢያዞርም ሌላ መንገድ መምረጥ ይገባል።

የከባድ መኪና ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ረጅም የጭነት መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ እየቆረጡ በማዕዘኑ ላይ ያልፋሉ። በትራፊክ መብራት ላይ በቀኙ ጎን የቆመ ብስክሌተኛ ያለው ልክ በዚያ ቦታ ነው። ሾፌሩም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከበሩ ሥር ያለውን አያይም። የሾፌሩን ፊት በመስተዋቱ ውስጥ ካላየነው እርሱም እኛን እንደማያየን እንወቅ፤ ከኋላው ቆሞ መጠበቅ የሚያስከፍለው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ዳገት ሲወጡ የጭነት መኪናን ኋላ በእጅ ይዘው የሚሳቡትን ወጣቶች በተመለከተ ምን እንደምል አላውቅም፤ የሚያዩት ነገር ቢኖር የመኪናውን ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲቆም እነርሱ አይቆሙም።

በአደባባይም ዳር መያዝ ይጎዳል። በስድስት ኪሎ ወይም በአራት ኪሎ አደባባይ ጠርዙን ይዞ የሚዞረውን ሰው፥ ከውስጥ መስመር ወደ መውጫው የሚታጠፉ መኪናዎች መንገዱን ይቆርጡበታል። ወይ የመስመሩን መካከል ይዞ መዞር፥ ወይ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ በእግረኛ መሻገሪያ ማለፍ ነው። ወርዶ መግፋት የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር መዘጋጀቱ ደግ ነገር ነው። ሆኖም መስመሩ ባለበት መንገድ ሁሉ እግረኛ ይገባበታል፤ መስመሩም አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። እዚያ ሲደርሱ ፍጥነት ቀንሶ፥ ወደ ኋላ ዞሮ አይቶ፥ እጅ ዘርግቶ መግባት ያስፈልጋል። ሲመሽ ደግሞ ከፊት ነጭ፥ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። የመብራቱ ዋና ሥራ መንገዱን ማሳየት ሳይሆን ነጂውን ማሳየት ነው።

ቁልቁለቱ ቀረን። ከተማችን በእንጦጦ ግርጌ በተዳፋት ላይ ስላለች፥ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሰው ፔዳል ሳይመታ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢደርስ አይገርምም። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አደጋ አይቶ እጅ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅ 5 ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ በደረቅ አስፋልትና በደኅና ፍሬን ለመቆም 3 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ድምሩ 9 ሜትር ያህል ነው። በ40 ግን በሴኮንዲቱ 11 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ የሚፈልገው ርቀት ደግሞ ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ፥ ማለት 12 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጠቅላላው 23 ሜትር ነው። ምክንያቱን የፊዚክስ ተማሪዎች ያውቁታል። በቁልቁለትና በዝናብ ከዚህም ይረዝማል፤ ጎማውን ከዳር የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ መጀመሪያ ውኃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው።

ብዙ ሰው ወደ ፊት እንዳይገለበጥ ፈርቶ የኋላውን ፍሬን ብቻ ይይዛል። ሲቆም ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ይበልጥ የሚያቆመው የፊተኛው ነው። ሰውነትን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሁለቱንም ቀስ በቀስ መጭመቅ ነው። ጠዋት ከበር ሳይወጡ ብስክሌቱን ወደ ፊት እየገፉ መሞከር ይቻላል፦ የፊተኛው ሲያዝ የኋላው ጎማ ከመሬት ብድግ፥ የኋላው ሲያዝ ጎማው ቆሞ መንሸራተት አለበት። ካልሆነ የዚያን ቀን ብስክሌቱን ለጠጋኙ ሰጥቶ ለትምህርት በእግር መሄድ ነው።