ከስኳር መለኪያ ጋር የሚሠራ ስልክ ሲገዛ፦ ከዋጋው በፊት የሚታዩ ጉዳዮች

ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዷ በሆነችው ዋሂል የምትኖር አንዲት እናት ለአብነት ትታሰብ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ አላት። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ለልጁ ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ሴንሰር ይልክላታል። እናት ወደ ከተማ ወርዳ፣ ታይዋን ገበያ ገብታ፣ ከአቅሟ በላይ ተበድራ አዲስ ስልክ ትገዛለች። ሻጩም ስልኩ ማንኛውንም መተግበሪያ እንደሚጭን ይነግራታል። ቤቷ ደርሳ ሴንሰሩን ለጥፋ ስልኩን ብታስጠጋው ግን ዝም ይላል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ሴንሰሩን የሚያነብበት ኤንኤፍሲ የተባለው ክፍል ሲሠራ ጀምሮ አልተገጠመለትም። ሴንሰሩ ደግሞ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ተነቅሎ ዳግም የሚለጠፍ አይደለም።

እንዲህ ያለው ኪሳራ የሚደርሰው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው መለኪያው ነው፤ ስልኩ የሚመረጠው ለእርሱ ተብሎ ነው። የመለኪያ አምራቾች ምርታቸው ከየትኞቹ የስልክ ሞዴሎችና ከየትኛው የአንድሮይድ ወይም የአይፎን ሥርዓት ጋር እንደተፈተነ የሚገልጽ ዝርዝር በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፤ ዝርዝሩም በየጊዜው ይታደሳል። ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ይህን ዝርዝር ማየት፣ ማየት ያልቻለም ሴንሰሩን የላከለትን ዘመድ ማሳየት፣ ከማንኛውም የሻጭ ማረጋገጫ ይበልጣል።

በአሁኑ ወቅት ከስልክ ጋር የሚገናኙት መለኪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ጣት ተወግቶ በስትሪፕ ላይ በሚነካ የደም ጠብታ የሚለካው የተለመደው መሣሪያ ሲሆን፣ አንዳንድ ሞዴሎቹ ውጤቱን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካሉ። አኩ ቼክ ጋይድ እና ኮንቱር ኔክስት ዋን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለእነዚህ ብሉቱዝ 4.0 እና ከዚያ በላይ ያለው፣ የመተግበሪያውን መሥፈርት የሚያሟላ ስልክ በአብዛኛው ይበቃል። ሁለተኛው ሌት ተቀን ያለማቋረጥ የሚለካው ሴንሰር ነው። ይህ ከቆዳ ሥር በገባ ቀጭን ሽቦ መሰል አካል ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስኳር ይለካል፤ ስለዚህም ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ንባቡ ከደሙ በጥቂት ደቂቃዎች ይዘገያል።

በዚህ በሁለተኛው ወገን ፍሪስታይል ሊብሬ እና ዴክስኮም ስማቸው ጎልቶ ይታወቃል። ከስልክ የሚጠይቁት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ሊብሬ ስልኩ በኤንኤፍሲ ተጠግቶ ካላነበበው በቀር ምንም አይናገርም። ሊብሬ 2 ሥራ የሚጀምረው በኤንኤፍሲ ሲሆን፣ ስኳር ሲወርድ ወይም ሲወጣ የሚያሰማውን ማስጠንቀቂያ በብሉቱዝ ይልካል። ሊብሬ 3 ለማስጀመር ብቻ ተጠግቶ፣ ከዚያ በኋላ ንባቡን በየደቂቃው በብሉቱዝ ያስተላልፋል። ዴክስኮም ጂ6 እና ጂ7 በየ5 ደቂቃው የሚልኩት በብሉቱዝ በመሆኑ ኤንኤፍሲ አያስፈልጋቸውም። አንዱ የሚለጠፈው ለ10 ቀን፣ ሌላው ለ14 ቀን መሆኑም ወጪውን ለሚያሰላ ቤተሰብ ትልቅ ልዩነት ነው።

ኤንኤፍሲ በአገራችን በብዛት በሚሸጡት ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ በአብዛኛው አይገኝም። አንድ ዓይነት ስም ያለው ሞዴል እንኳ ለአንዱ አገር ገበያ ኤንኤፍሲ ተገጥሞለት፣ ለሌላው ሳይገጠምለት ሊመረት ይችላል። ስለዚህ በሞዴሉ ስም መተማመን አይበቃም፤ የሚገዛው ስልክ ራሱ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ መታየት አለበት። በስልኩ ማስተካከያ መፈለጊያ ላይ ቃሉን መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካልመጣ የለውም ማለት ነው። በአይፎን በኩል አይፎን 7 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ማንበብ የሚያስችለው አካል አላቸው፤ ይሁንና አሮጌዎቹ አዲሱን የመተግበሪያ ስሪት ላይቀበሉ ስለሚችሉ ዝርዝሩን ማየት ለእነርሱም አይቀርም።

ሁዋዌ ስልክ ለሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ በግንቦት 2019 ከጣለችው እገዳ ወዲህ በኩባንያው የወጡት አዳዲስ ስልኮች የጉግል አገልግሎት ሳይጫንባቸው ይመጣሉ። የስኳር መለኪያ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ በጉግል አገልግሎት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስልኩ ጥሩ ካሜራና ጥሩ ባትሪ ሊኖረው ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ላይሆን ይችላል።

ያገለገለ ስልክ መግዛት በራሱ ስሕተት አይደለም። እንዲያውም ከአዲስ ርካሽ ስልክ ይልቅ ኤንኤፍሲ ያለው ያገለገለ ስልክ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የሥርዓት ጥበቃው የተሰበረ፣ በተለምዶ «ሩት» የተደረገ የሚባል ስልክ በእነዚህ መተግበሪያዎች ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። የቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ያልወጣለት አይፎንም ሊቆለፍ ይችላል። ባትሪው የደከመ ስልክ ደግሞ ሌሊት ጠፍቶ ማደሩ፣ ሴንሰሩ ከነጭራሹ እንደሌለ ያስቆጥረዋል።

ሴንሰሩ ከየት አገር እንደመጣ ማወቅም ግዴታ ነው። መተግበሪያዎቹ በሁሉም አገር የመተግበሪያ ገበያ አይገኙም፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የሊብሬ 2 ሴንሰር በአውሮፓ መተግበሪያ፣ የአውሮፓውም በአሜሪካው አይነበብም። ዘመድ ከአንድ አገር ስልክ፣ ሌላ ዘመድ ከሌላ አገር ሴንሰር ቢልኩ ሁለቱ ሳይግባቡ ሊቀሩ ይችላሉ። በተጨማሪም የመለኪያ አሃዱ ይለያያል። በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት የተለመደው ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲሆን፣ ከብሪታንያ የመጣው በሚሊ ሞል በሊትር ያሳያል። የኋለኛውን በ18 ማባዛት ወደ ለመድነው ቁጥር ይመልሰዋል። ስክሪኑ ላይ 12 ያየ ሰው ስኳሩ እጅግ ወርዷል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ እውነተኛው ቁጥር ግን 216 ነው፤ የወጣ እንጂ የወረደ አይደለም።

የሰዓት ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይነሣል። መተግበሪያው ስኳሩ 03:00 ላይ ወረደ ቢል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ታካሚው «3 ሰዓት ላይ» ብሎ ለሐኪም ከተናገረ፣ የጠዋት ወይም የምሽት ኢንሱሊን ያለ ምክንያት እንዲቀየር ሊያደርግ ይችላል። ወደ ድልጮራ ሪፈራል ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሲኬድ ግራፉን ራሱን በስልክ ማሳየት ከቃል የተሻለ ነው።

ለገጠር ነዋሪ መልካም ዜናው፣ ሴንሰሩና ስልኩ የሚነጋገሩት ያለ ኢንተርኔት መሆኑ ነው። መተግበሪያውን ለመጫንና አካውንት ለመክፈት ዳታ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋ ንባቡ አይቋረጥም። ኢንተርኔት የግድ የሚሆነው ሌላ ቦታ ያለ ወላጅ ወይም ሐኪም ውጤቱን ከሩቅ እንዲከታተል ሲፈለግ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሊብሬ እና ሊብሬ 2 በውስጣቸው የሚይዙት የ8 ሰዓት መረጃ ብቻ በመሆኑ፣ ስልኩ ከዚያ በላይ ተዘግቶ ከቆየ የቀደመው መረጃ ይጠፋል። የብሉቱዙም ርቀት ውስን ነው፤ ለሊብሬ 2 እና ለዴክስኮም ጂ6 የሚሰጠው ግምት 6 ሜትር ገደማ ነው። ስልኩን ቤት ትቶ ማሳ የወረደ አርሶ አደር ማስጠንቀቂያው አይደርሰውም።

ከሁሉም ይልቅ ሕይወትን የሚመለከተው የማስጠንቀቂያው ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ የካቲት 5 ቀን 2025 (ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም) ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከስልክ ጋር የሚሠሩ የስኳር ሕመም መሣሪያዎችን የሚጠቀሙ ሰዎች በስልካቸው ማስተካከያ ምክንያት ወሳኝ ማስጠንቀቂያ ሊያመልጣቸው እንደሚችል አስታውቋል። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ያስተኛሉ። ቀን ቀን ምንም የማይታወቅ ይህ ጠባይ፣ ሌሊት የልጁ ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ስልኩን ያለ ድምፅ ያስቀረዋል። «አትረብሹ» የሚለው ማስተካከያ፣ ከስልኩ ጋር የተገናኘ የጆሮ ማዳመጫ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የተካሄደ የሥርዓት ዝመና፣ እነዚህም ድምፁን ሊሰውሩት ይችላሉ። ስለዚህ መተግበሪያው ከባትሪ ቁጠባ ነጻ እንዲሆን ማድረግ፣ ዝመናውን አምራቹ ተስማሚነቱን እስኪያረጋግጥ ማቆየት፣ ማንኛውም ነገር በተቀየረ ቁጥርም ድምፁ መሰማቱን መፈተሽ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ውዱ ስልክ ከርካሹ የግድ አይሻልም፤ በትክክል የተስተካከለው ይሻላል።

የድሬዳዋ ሙቀትም ቸል አይባልም። አይፎን ለሥራ የተመደበለት የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ በሞቃቱ ወራት ከተማዋ ይህን ስታልፍ ይታያል። ፀሐይ ላይ የተተወ ስልክ ራሱን ለማቀዝቀዝ ሊዘጋ ይችላል። ኢንሱሊኑ፣ ስትሪፑና ስልኩ አንድ ላይ በጥላ ቦታ ቢቀመጡ ሁሉም ይጠቀማሉ።

በየገበያው «ያለ መርፌ ስኳር ይለካል» ተብለው ስለሚሸጡ የእጅ ሰዓቶችና ቀለበቶች አንድ ነገር መነገር አለበት። ከላይ የተጠቀሰው ተቋም እ.ኤ.አ በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሱ በራሳቸው የደም ስኳር እንዲለኩ የፈቀደላቸው ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንደሌለ ገልጿል። ከእውነተኛ ሴንሰር ንባቡን ተቀብሎ የሚያሳይ ሰዓት የተለየ ነው፤ ራሱ እለካለሁ የሚለው ሰዓት በሚያሳየው ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ራሱን ለሞት አደጋ ያጋልጣል።

ሴንሰርና ስልክ የተሟላለት ሰውም ተራውን የጣት መለኪያና ስትሪፕ መጣል የለበትም። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ታይቶ ስልኩ ደኅና ነው ካለ፣ የሚታመነው ምልክቱ ነው፤ ጣት ተወግቶ ይረጋገጣል። ስኳሩ ወርዶ ከተገኘና ታካሚው መዋጥ ከቻለ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ በውኃ ተበጥብጦ ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ኢንሱሊኑና ስትሪፑ ይቀድማሉ። ቁጥሩን ከነሰዓቱ በደብተር የሚመዘግብ ታካሚ ለሐኪሙ የሚያሳየው በቂ ነገር አለው፤ ስልኩ አቅም እስኪፈቅድ ሊቆይ ይችላል።